የፍላሹ መብራት እስክትቆም

በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ ባለው የደብሪቱ የስልክ ሱቅና ደጃፉ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ባለሱቋ ደብሪቱ፣ ከመተማ የመጣው ሰሊጥ አጫጅ ታምሬ፣ ሎሪውን በር ላይ አቁሞ ጡሩንባ የሚነፋው ሾፌር ዘከሪያ።

ታምሬ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ ያልተገኘበት የልጁ የሃና ክርስትና ቪዲዮ በፍላሽ ተገልብጦ ሰሊጥ የሚያጭድበት ቁረይሻ እርሻ ድረስ በደህና እንዲገባለት። እዚያ ኔትወርክ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊትም አስገልብጦ ነበር፤ ሎሪው ሲጠራው ግን ፍላሹን መንጭቆ ሮጠ። ዓይን አፋሩ ሰው እንደ ምንም ደፍሮ አሥራ አንድ አጫጆች ጠራ፣ ቴምር ገዛ፣ ምንጣፍ አነጠፈ። የእርሻው ቴሌቪዥን ግን «ፋይሉ አይከፈትም» አለ። ቴምሩ ተበላ። ከዚያ ወዲህ ማጭድ ይዘው በተገናኙ ቁጥር፣ «ሃናን መቼ ነው የምናያት? ቴምሯስ ጥሩ ነበር» ይሉታል።

አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ምን ያህል እንደተገለበጠ የሚያሳየው መስመር ሞላና ጠፋ።

«ኻላስ፣ አለቀ» አለ ዘከሪያ፣ ከሎሪው ወርዶ እየገባ። «ያላ ታምሬ፣ ፀሐይ ከረረችብን። ንቀለውና እንሂድ።»

«ለዓይን ነው ያለቀው» አለች ደብሪቱ። «ፍላሹ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም እያለች አይደል? ገና እየጻፈ ነው። ታምሬ፣ ባለፈው ጉድ የሠራህ ይሄው ነው።»

«ለመብራት ደግሞ ሰው ይቆማል?» ብሎ ዘከሪያ እጁን ወደ ፍላሹ ሰደደ።

ታምሬ ከሰው ጋር ተጋፍቶ አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ ፍላሹ ላይ ደፋና በሁለት እጁ ያዘው።

«እጅህን ሰብስብ፣ ወንድሜ» አለ በቀስታ።

«ኮፍያውን አንሳ እንጂ» አለች ደብሪቱ እየሳቀች፤ «መብራቷን በምን ልያት?»

አነሣው። ሦስቱም አጎንብሰው ማየት ጀመሩ። ዘከሪያ ፀሐይዋን ረሳት።

«ቆመች?» አለ ዘከሪያ።

«አልቆመችም። ትንፋሽህን ከፊቴ አርቅ» አለች ደብሪቱ።

መብራቷ ቆመች። ደብሪቱ የማውጫውን ምልክት ተጫነች፤ ኮምፒውተሩም አሁን ማውጣት ይቻላል አለ።

«በል ንቀል።»

ታምሬ እጁን በሱሪው ጠርጎ ነቀለው።

«ቴምር አለ?» አለ ዘከሪያ።

«የዛሬው ካየን በኋላ ነው።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አሥራ አንዱ አጫጆችና ዘከሪያ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት፤ ከዚያም ቴምሩ ተበላ።