ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ፀሐይ

ቀለም ቀቢው እናቱን በየማለዳው አዝሎ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ግቢው ያወርዳት ነበር። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ፀሐይ የምታየው በእሱ ጀርባ ነው። «ቀስ በል፣ ፈረሴ! የጫንከው ዕቃ ተሰባሪ ነው» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች።

ኋላ ግን መሰላል ላይ ሲቆም የኖረበት ቀኝ እግሩ አስቸገረው። ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት አብጦ፣ ከአልጋ ሲወርድ ያስነክሰዋል። አሳረፈው፣ አሸው፣ ቅባት ቀባው፤ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን እናቱን እንዳዘለ ደረጃው መሃል እግሩ ከዳው። ግድግዳውን ባይደገፍ ኖሮ ተያይዘው በወደቁ ነበር። ከዚያ ወዲያ እናቱ፣ «ፀሐዩ ራሴን ያመኛል፤ ተወኝ» ማለት ጀመረች። ስለ እሱ ብላ እንደምትዋሽ አላጣውም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እግሩን ነካክታ፣ «ይህን ጅማት ዕረፍት ብቻ አያድነውም፤ ሥራ ይፈልጋል» አለችው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቹ ቆሞ፣ በሁለቱም እግሩ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ በታመመው ብቻ ተረከዙን ቀስ አድርጎ እንዲያወርድ አሳየችው። «ትንሽ ያምሃል፤ አትደንግጥ። በማግስቱ ከባሰብህ ግን ቀንስ። ወራት ይፈጃል።»

«ወራት? እናቴ እስከዚያ ቤት ውስጥ ልትሻግትብኝ ነው።»

«ሲሻልህ ጀርባህ ላይ ክብደት እንጨምራለን።»

«ክብደቱማ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል» አለ።

ለእናቱ አልነገራትም። ሳይድን ተስፋ መስጠት ፈርቶ፣ «እግሬን እያሳረፍኩት ነው» አላት። በሯን ዘግቶ ደረጃው ላይ ጥርሱን ነክሶ ይሠራል። ወራት አለፉ፤ ጅማቱ እየጠና መጣ፤ አሸዋ የሞላ ቦርሳ ማዘል ጀመረ።

አንዲት ጎረቤት ይህን አየችና እናቱ ዘንድ ገባች። «ልጅሽ በታመመ እግሩ አሸዋ ተሸክሞ ያቃስታል። አንቺን ለማዘል ብሎ ራሱን ሊገድል ነው።»

እናት ለካ ማቃሰቱን በበሩ በኩል ስትሰማ ከርማለች። የዚያኑ ቀን ሌላ ከተማ ምድር ቤት ለምትኖረው ልጇ ደወለች፤ «ነይና ውሰጂኝ።»

እህቱ ከባሏ ጋር ስትመጣ የእናቱ ልብስ ተጠቅልሎ አልቋል።

«እማዬ፣ ሕክምና እኮ ነው! እግሬ ድኗል!»

«እያሳረፍኩት ነው ያልከኝስ? አንድ ጊዜ ዋሽተኸኛል፤ አሁን ምኑን ልመንህ?»

«እኔ ላውርዳት» አለ የእህቱ ባል።

«ማንም አይነካትም!»

አዘላት። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፤ ጅማቱ ዝም አለ፤ ቅንጣት አላመመውም። እንባው ግን አንገቱን ባቀፈው እጇ ላይ ተንጠባጠበ።

«አመመህ አይደል፣ የኔ ጌታ?»

«አላመመኝም» ሊላት ነበር፤ ልቅሶው ቀደመው።

«ተቀበለኝ፣ ልጄን ፈጀሁት!» ብላ ወደ አማቿ ተንጠራራች።

መኪናው ውስጥ ካስገቧት በኋላ ቀለም ቀቢው መስኮቷ ፊት ቆመ። ግራ እግሩን አንሥቶ በታመመው እግሩ ጣቶች ብቻ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ደግሞ ከፍ አለ። «እዪኝ፣ እማዬ! እዪኝ እንጂ!»

እናቱ ማየት አልቻለችም። ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። መኪናው ተነሥቶ ግቢውን ለቆ ሲወጣም እጇን አላነሣችም።