የጎደለችው መስመር

«አባቴ አንድ ቀን እንኳ አሞኛል አላለኝም» አለች ልጅቱ፣ ከለቀስተኞቹ እጅ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች። «ቢለኝ አልመጣም ነበር?»

አክስቷ «ተይው አሁን» ብላ ብርጭቆዎቹን ተቀበለቻት። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ቀና አሉ። በውሃ መግፊያ ጣቢያው ከአባቷ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ፈረቃ የተቀያየሩ ሰው ናቸው።

«ደብዳቤ ይጽፍልሽ አልነበረም እንዴ?»

ይጽፍላት ነበር። የሞተር ጩኸት ጆሮውን ስለበላው ስልክ አይወድም። ደብዳቤው ግን የጥገና ሪፖርት እንጂ የአባት ወግ አይመስልም፤ ቧንቧው ተጠገነ፣ አምፖሉ ተቀየረ፣ ሁሉም ደህና ነው። ብቻውን ጥላው ሌላ ከተማ ሥራ ከያዘች ወዲህ ናፈቅሽኝ ብሎ አያውቅም። ተቀይሞኛል ብላ ደመደመች። የእሷም መልስ እያጠረ ሄደ።

የመጨረሻውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«የክፍልሽ መስኮት አሁን ይዘጋል። ብርድ እንዳይመታሽ አልጋሽን ከመስኮቱ አርቄዋለሁ።» ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «ሌላ ገጽ የለውም?»

«ያው እሱ ብቻ ነው።»

«ሁሉም ደህና ነው የምትለዋ የለችም እኮ።»

«ረስቷት ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«አባትሽ? እሷን ሳይጽፍ የፈረቃ መዝገብ ዘግቶ አያውቅም። ችግር ሲኖር ግን ተበላሸ ብሎ መጻፍ አይሆንለትም፤ እሷን ይተዋታል። እኛም መጀመሪያ አልገባንም፤ አንድ ሞተር አቃጥለን ነው የተማርነው። ከዚያ በኋላ እሷ ከጎደለች ቱታችንን ሳንለብስ ነበር የምንሮጠው።» ደብዳቤውን እንደገና አዩና «ካልጠበቀሽስ አልጋሽን ምን አስነካው?» አሉ።

ደብዳቤው የደረሳት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ታክሲ ስትጠብቅ ቆማ አነበበችው፤ በነጋታው «መስኮቱ መሠራቱ ጥሩ ነው» ብላ መለሰች። አባቷ ያንን መልስ እዚህ ቤት ብቻውን ተቀምጦ እንዳነበበው አሁን ታያት። አፈረች። ከሐፍረቷ በላይ ግን ናፈቃት።

ሽማግሌው ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጥፈው መለሱላትና ሊሄዱ ኮታቸውን አነሱ።

«አንቺስ ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ሁሉ ደህና ነኝ ስትል ከርማለች። አሁን ዝም አለች።

ሽማግሌው ኮታቸውን መልሰው አስቀመጡና ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።