ኪንታሮት ነው አለን

«መርፌው ነው እንጂ የጨረሰው! በየቀኑ ሆዱን እየወጋችው!» አለች አንዲት ሴት ከድንኳኑ ጥግ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። ሹክሹክታው ግን ታንጉት ጆሮ ደረሰ።

ባሏ ላቀው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የዳባት ነፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል። ታንጉት ቀና ብላ የባሏን ታናሽ ወንድም ውዱን አየችው፤ መልስ ይሰጥልኛል ብላ። እሱ መሬት መሬት አየ።

አራት ዓመት ሙሉ ላቀውን የስኳር መርፌውን፣ ኢንሱሊኑን፣ የምትወጋው እሷ ነበረች። «ንቧ መጣች» ይላል ሸሚዙን ገልቦ፤ «ማሩስ የታል?»

«ማሩንማ ጨርሰኸው አይደል እንዲህ የሆንከው!» ትለዋለች።

አምና ደም ማስቀመጥ ሲጀምረው ቀልዱ ቀረ። ውዱ ጎንደር ሐኪም ቤት ወስዶ መለሰው። «ኪንታሮት ነው» አላቸው። ላቀውም ወንድሙን አምኖ ቅጠል ሲዘፈዘፍለት ከረመ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጽጌሬዳ መጥታ ከታንጉት አጠገብ ተቀመጠች። ሹክሹክታውን እሷም ሰምታዋለች።

«እትዬ ታንጉት፣ አይስሟቸው። የእርስዎ እጅ የለበትም። ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማም ሲል፣ መርፌ ከመጀመሩ ከስንት ዓመት በፊት፣ ራሱ እያበዛ ያመርተዋል። የበዛው ደግሞ አንጀትን ‹እደግ፣ ተመንደግ› እንደማለት ነው፤ ደጉንም ክፉውንም ሳይለይ ይመርቃል። ነቀርሳውን ብቻውን ባያመጣው እንኳ ያግዘዋል።»

«የምን ነቀርሳ?»

ጽጌሬዳ ደነገጠች። «አምና ጎንደር ነግረዋችሁ አልነበር እንዴ? ገና አልተሰራጨም፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረግ ብለው… ለአስታማሚው ነገርን ብለው ለጤና ጣቢያችን ጽፈዋል እኮ።»

አስታማሚው ውዱ ነበር።

ታንጉት ዞረችበት። አልጮኸችም። «ውዱ?»

«እታለም፣ ለበሽተኛ እንዴት ይነገራል? ነቀርሳ ሲሉት ልቡ ቀድሞ ይሞታል ብዬ…»

«እኔስ? እኔም በሽተኛ ነበርኩ?»

ውዱ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ገደለችው ሲሉኝስ? አፍህን ምን ያዘው?»

ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ ለቀስተኞች እያለቀሱ ገቡና ንግግሩ ተቋረጠ። ልቅሶው በረድ ሲል መሶብ ቀረበ። ውዱ እንጀራውን በሽሮ ጠቀለለና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጁን ዘረጋላት።

«አፈር ስሆን፣ እታለም። አንዲት ብቻ።»

ታንጉት ጉርሻውን በመዳፏ ተቀበለችው። ወደ አፏ ግን አልወሰደችውም። ሽሮው በጣቶቿ መሃል ወጥቶ ጥቁር ቀሚሷ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ጨበጠችው።