አውሮፓን በዘመድ

ልጄ ማፋልዳ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ «ሥራ ከመጀመሬ በፊት አውሮፓን ልዙር» ስትለኝ መጀመሪያ የታየኝ የመኪና አደጋ አልነበረም፤ ሌባም አልነበረም። እነሱ በኋላ ታዩኝ። መጀመሪያ የታየኝ ነሐሴ ነው። ከእኛ መንደር «ትንሽ አይቼ ልምጣ» ብሎ የወጣ ሁሉ ተመልሶ የሚታየው በነሐሴ ብቻ ነው። በትልቅ መኪና ይመጣል፣ እናቱን ያቅፋል፣ ዓሣ ያስጠብሳል፣ ወሩ ሳያልቅ ይሄዳል። እናቱ የቀረውን ዓመት መንገድ መንገድ ታያለች።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ያልሆንሽው ለምን ይመስልሻል?»

እሷ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች «ይህን ሳታዩ እንዳትመለሱ» ያሉትን ሁሉ አንብባለች። ሙዚየም አለ፣ ግንብ አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ ካቴድራል አለ፣ ሐይቅ አለ።

«እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት።

«አላውቃቸውም።»

«የማታውቂው ሰው እዚያ ሂጂ ስላለሽ ትሄጃለሽ?»

እኔ የማውቃቸውን ጠየቅሁ። ፓሪስ የአክስቴ ልጅ ዴኦሊንዳ አለች። ሉክሰምበርግ ወንድሜ አልባኖ አለ። ሎዛን ደግሞ የማፋልዳ የክርስትና እናት ኤርሚኒያ አለች። ደውዬ «እናንተ ጋ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብላቸው ሁሉም «ኑ ብቻ፣ እኔ አሳያችኋለሁ» አሉኝ። ልቤ እርፍ አለ። ልጄ ከአንድ ዘመድ እጅ ወደ ሌላ ዘመድ እጅ ትተላለፋለች፣ በመሃል ማንም አያገኛትም አልኩ። ለሦስቱም ቋሊማ፣ አይብና የወይራ ዘይት ያዝን። ሻንጣው በዚህ ስለሞላ የማፋልዳ ልብስ በፌስታል ሆነ።

ከቅርባችን ከተማ ከቪዜው ፓሪስ በአውቶቡስ አንድ ቀን ከሌሊቱ ነው። ሹፌሩ እንዳይተኛ ከኋላው ተቀምጬ ሳወራው አደርኩ። ጠዋት ላይ «እመቤቴ፣ እባክዎ እርስዎ ይተኙ» አለኝ።

ዴኦሊንዳ ፓሪስ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጠባቂ ናት፤ ደብዳቤ ታድላለች፣ ደረጃ ትወለውላለች፣ ማን ከማን ጋር እንደገባ ታውቃለች። ከመናኸሪያ ወደ ቤቷ ስትወስደን በሁለት ፎቆች መሃል የታዋቂው የብረት ግንብ ጫፍ ብልጭ አለ።

«ያውላችሁ! አያችሁት» አለች ዴኦሊንዳ። «በቃ እሱ ነው።»

«አንወጣበትም?» አለች ማፋልዳ።

«ምን ልትሠሪ? ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ወጥቼበት አላውቅም። ሊፍቱ መሃል ላይ ይቆማል ይላሉ።»

«አላልኩሽም?» አልኳት ማፋልዳን።

ዴኦሊንዳ ያሳየችን የሕንፃዋን ደረጃ ነው። ጫማችንን አስወልቃ ከታች እስከ ላይ አስወጣችን። እውነቱን ለመናገር እብነ በረዱ ፊት ያሳያል። «ንኪው» አለቻት፣ «አትፍሪ፣ ንኪው። ሙዚየም ብትሄጂ ያስነኩሻል?» ማፋልዳም ደረጃውን ነካች፣ ፎቶም አነሣችው። እኔ ግን ደረጃው ሊያንሸራትት ስለሚችል መደገፊያውን ሙጭጭ አድርጌ ይዣለሁ።

ማታ የጨው ዓሣ እየበላን ሳለ ዴኦሊንዳ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልቴት ነርስ ይፈልጋሉ። ማደሪያ አለው፣ ደመወዙም ደህና ነው። ነገ ልጅቷን ላሳይዎት ብያቸዋለሁ።»

የዓሣው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ማፋልዳ ጀርባዬን እየደቃች «አስብበታለሁ» አለች። አስብበታለሁ! አልባኖም ሉክሰምበርግ ሲሄድ እንዲሁ ነበር ያለው።

በማግስቱ ባልቴቷ ሳይነቁ ልጄን ይዤ ወደ ሉክሰምበርግ ተሳፈርኩ። አልባኖ በሥራ መኪናው ተቀበለን፤ ቤቱ እንኳ ሳንገባ አንድ የመኪና ዋሻ ውስጥ ይዞን ገባ።

«ይህን ኮንክሪት ያፈሰስነው እኛ ነን። አንዲት ስንጥቅ ብታገኙ ስሜን ቀይሩት።»

እኔ ብዙ ስንጥቅ ታየኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በወዲያኛው አፍ ወጣን ብዬ ስገልጥ አልባኖ መኪናውን እያዞረ ነው።

«ደግሞ በወዲህኛው በኩል እዩት፣ በዚህ በኩል ይበልጣል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ቤተ መንግሥት ማየት ነው የፈለገችው!»

«ቤተ መንግሥቱን ማን ሠራው? የሞቱ ሰዎች። ይህን የሠራው አጎቷ ነው፣ ቁጭ ብሎ እየነዳት።» ወደ ማፋልዳ ዞረ። «ከዋሻው ጀርባ ያለው ሆስፒታል ደግሞ ነርስ አጥቶ ሊሞት ነው። ስምሽንና ስልክሽን ሰጥቻቸዋለሁ። ግማሾቹ ሠራተኞች የእኛው ልጆች ናቸው፤ ቋንቋው ቀስ ብሎ ይመጣል።»

«አንተ መንገዱን እይ!» ብዬ ጮህኩ።

በዚያች ሌሊት ነገሩ ተገለጠልኝ። የፓሪሱ ግንብ እስከ ዛሬ ማንንም «እዚህ ቅሪ» ብሎ አያውቅም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሥራ አያፈላልግም። ልጄን የሚነጥቁኝ ዘመዶቼ ናቸው፣ በየቤታቸው እየመራሁ የማስገባትም እኔ ነኝ። ሎዛን ስንደርስ ኤርሚኒያ ሥራ ብቻ ሳይሆን ባልም ይዛ ትጠብቀን ይሆናል።

ሲነጋ «ማፋልዳ፣ ያ ካቴድራል ያልሽኝ የት ነበር?» አልኳት።

«ስትራስቡርግ። እማዬ፣ አሞሻል?»

«ጥበብ ማየት አማረኝ። እዚያ የምናውቀው ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው ተነሺ።»

ለኤርሚኒያ ደውዬ ጥርሴን አመመኝ አልኳት። ስትራስቡርግ ስንደርስ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመንገዱ የሚያልፈው ሕዝብ ሁሉ ባዳ ነው! አንድም ሰው አያቅፈን፣ አንድም ሰው ብሉ አይለን። ካቴድራሉ ቀይ ድንጋይ ነው፤ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ቀና ብዬ አየሁት። ወደ ማማው መውጫ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ የማፋልዳን ፌስታል አየችና በገዛ ቋንቋችን «ውይ! ከየት ናችሁ? ከቪዜው ነው?» አለች። ፌስታሉ ላይ የምንገበይበት የቪዜው ሱቅ ስም ተጽፏል።

«ከዚያው አካባቢ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ባለቤቴ እኮ የዚያ አገር ሰው ነው! ልጅዎ ናት? ምን ትሠራለች?»

«ምንም! ሰነፍ ናት፣ ከአልጋ አትወርድም!» ብዬ ማፋልዳን ከኋላዋ እየገፋሁ ደረጃው ውስጥ አስገባኋት።

ወንበር ላይ እንኳ ቆሜ መጋረጃ የማልሰቅል ሴት ያንን ጠመዝማዛ ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁት። ላይ ስንደርስ ነፋሱ ያንገላታል። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሰነፍ ናት?» አለችኝ ማፋልዳ እየሳቀች።

«ለደኅንነትሽ ነው።»

ከዚያ «የሉክሰምበርጉ ሆስፒታል ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ጠዋት ባቡር ውስጥ ተኝተሽ ሳለ።»

ዓይኔን የከደንኩት እኮ ለአፍታ ነው! ለዚያች አፍታ ልጄን ወሰዷት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። በዓይኔ ላይ ነሐሴ መጣ፤ የማፋልዳ መኪና፣ የማፋልዳ ሻንጣ፣ እኔ በር ላይ።

«መቼ ትጀምሪያለሽ?» አልኳት።

«አልጀምርም። አመሰግናለሁ፣ አልመጣም አልኳቸው። የቪዜው ሆስፒታል ቦታዬን እየጠበቀልኝ ነው።»

«ስለ እኔ ብለሽ ነው?»

«ስለ አንቺ አይደለም፣ ደግሞ እንዳታለቅሺ። አክስቴ ዴኦሊንዳን አየሻት? መንደራችን ውስጥ አምስት መታጠቢያ ቤት ያለው ቤት ሠርታለች፣ መስኮቱ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ራሷ ግን ፓሪስ ውስጥ የምትታጠበው ወጥ ቤቷ ጥግ በመጋረጃ ተከልላ ነው። እኔ አንድ መታጠቢያ ቤት ይበቃኛል፣ ግን በየቀኑ ልታጠብበት።»

ፋጢማ በሚባለው የአገራችን መሳለሚያ ለእመቤታችን ሻማ ላበራ ተሳልኩ። እዚያ ድረስም በጉልበቴ እሄዳለሁ አልኩ። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ አፍንጫዬን ጠረግሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀና አልኩ።

«ቆይ፣ ስንት ሊከፍሉሽ ነበር?»

«ከእኛው ሦስት እጥፍ።»

«ሦስት እጥፍ! ማፋልዳ፣ አብደሻል? ሳትጠይቂኝ?»

«እማዬ!»

«ነገ ብትጸጸቺስ? የሌሊት ተራ ጨርሰሽ ከቪዜው መንደራችን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ልትነጂ ነው? በክረምት በረዶ ይሠራል እኮ! ዶክተሮቹ ክፉ ቢሆኑስ? አግብተሽ ልጅ ብትወልጂና ደመወዙ ባይበቃሽስ? ያኔ እናቴ ናት ያስቀረችኝ ትያለሽ።»

«አልልም።»

«ትያለሽ። አውቅሻለሁ። የደወሉልሽ ሰዎች ስልክ ቁጥር ይኖርሻል?»

ከኋላችን የቆሙ አንድ ባልና ሚስት ፎቶ ሊነሡ ፈልገው ቦታ እንድንለቅላቸው በምልክት ለመኑን።

«ይጠብቁ በያቸው» አልኳት ማፋልዳን። «ልጄ አገሯ ልትገባ ነው፤ ገና አልመከርኳትም።»