እትዬ ዘውደነሽ ሰጠሙ

ምንዳዬ ጀልባ የገዛው ሚስቱን ሳያማክር ነው። የሚስቱን ስም ለጀልባዋ የሰጠውም እንዲሁ ሳያማክራት ነው።

መቱ ላይ በቡናና በጨው ንግድ የታወቀ ሰው ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ መኪና በጭቃው ስለማይሄድ፣ ቡናውን በበቅሎ አስጭኖ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ቡናውን ተቀብለው ጨውና አቡጀዲ ያራግፉለታል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ ግሪክ፣ ሞተር ያላትን አሮጌ ጀልባውን ሸጠለት።

«ስም አውጣላት» አለው ግሪኩ ሲሰነባበቱ። «ስም የሌላትን ጀልባ ወንዙም አያውቃትም። የሴት ስም ይሁን ብቻ።»

ምንዳዬ ብዙ አላሰበም። ከሴት ስም ሁሉ አንደበቱ የለመደው አንድ ነበር። በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል፣ «ዘውደነሽ» ብሎ አስጻፈ።

ዘውደነሽ ወሬውን ስትሰማ በመጀመሪያ ደስ አላት። በየትኛዋ ሴት ስም ነው ወንዝ ላይ ጀልባ የሚሄደው? ግን ደስታው እስከ ገበያ ቀን ድረስ ነበር የቆየው። ዘውደነሽ ከሸዋ መጥተው ኢሉባቦር ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለደች፣ አካሄዷም አነጋገሯም የተለካ ሴት ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ታናሽ እኅቷን ያሳደገች እሷ ነች፤ የራሷ ልጅ አልወለደችም። መቱ ውስጥ ከባሏ በቀር «አንቺ» የሚላት ሰው አልነበረም። የንስሐ አባቷ እንኳ «እትዬ» ነው የሚሏት።

የጋምቤላ ሰው ደግሞ ጀልባን ጀልባ አይልም፤ በስሟ ነው የሚጠራት። የመጣችውም፣ የቀረችውም፣ የተበላሸችውም በስሟ ነው። ወሬውም ከጨው ጋር በበቅሎ ተጭኖ ወደ መቱ ይወጣል። ዘውደነሽ በርበሬ ልትገዛ ጎንበስ እንዳለች፣ ከኋላዋ አንድ በቅሎ ጫኝ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማች።

«ዘውደነሽ ዱፍቴ» አለ በኦሮምኛ፤ መጣች ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለ። «ምን የመሰለች መሰለችህ! ሆደ ሰፊ ናት፤ የጫኑባትን ሁሉ ትሸከማለች። ብቻ አርጅታለች፤ ከታች ታፈሳለች።»

«ባለፈው አሸዋ ላይ ተጎልታ አልነሣም ብላለች አሉ?»

«አዎና! የወደቡ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ከኋላዋ ገፍቶ ነው ያስነሣት።»

የበርበሬ ነጋዴዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዘውደነሽ በርበሬውን እዚያው ትታ ቤቷ ገባች።

ምንዳዬ ሲመለስ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተቀበለችው። «ወይ ስሜን ፋቅልኝ፣ ወይ አስከብረኝ!»

«አክብሬሽ እኮ ነው ያስጻፍኩት።»

«ከታች ታፈሳለች እየተባለ ነው የሚከበረው?»

ምንዳዬ ሳቁን ዋጠ። ስም መፋቅ ግን አልሆነለትም፤ ስሟ የተፋቀ ጀልባ ገዷ ይሸሻል ብለው ጀልባ ነጂዎቹ ነግረውታል። ስለዚህ በማግስቱ ጫኞቹን ሁሉ ሰብስቦ አዘዘ። ከእንግዲህ የእሱን እንጀራ የሚበላ ሁሉ ጀልባዋን «እትዬ ዘውደነሽ» ይላል፤ ሲያወራም በአንቱታ ነው።

ሌላው አጉረመረመ። የጫኞቹ አለቃ ኦላና ግን ነገሩን እንደ መሐላ ያዘው። የኖፓ አገር ሰው ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ቀልድ የማያውቅ። በአፍ መፍቻው በኦሮምኛም ቢሆን ትልቅ ሰው በአንቱታ ስለሚጠራ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ከጋምቤላ በወጣ ቁጥር፣ የዘውደነሽ ደጃፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ሪፖርት ያቀርባል።

«እትዬ ዘውደነሽ ደህና ናቸው፤ ጨው ጭነው ገቡ። ሞተራቸው ትንሽ ያስላቸዋል። ማፍሰሳቸውን ግን ትተዋል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኦላና» ትለዋለች ከንፈሯን ነክሳ። ሲሄድ ጎረቤቷን እታፈራሁን ጠርታ ሁለቱ ሆነው እስኪያማቸው ይስቃሉ።

አንድ ሳቅ ብቻ ነበር የጎደላት። ያሳደገቻት እኅቷ ጥሩአየሁ ቡሬ ነው የምትኖረው፤ ግን አይነጋገሩም። ጥሩአየሁ ቀነዓ የሚባል አናጢ አገባች። ሰውየው ጴንጤ ነው፤ ከሚስዮን ቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ። ዘውደነሽ ያን ጊዜ «ካገባሽው እኅት የለኝም» አለች። ጥሩአየሁ አገባችው። ቃል ከወጣ በኋላ ዓመታት ነጎዱ፣ ለዕርቅ ቀድማ የምትመጣው ማን ትሁን በሚል ሁለቱም ደጅ ደጁን እያዩ ቀሩ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ኦላና ያለ ጭነት መጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና ቆመ።

«ምነው ኦላና? ጭነቱስ?»

«እትዬ…» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ዘውደነሽ…»

«አቤት?»

«እርስዎን ማለቴ አይደለም። እርስዎ… ማለት እሳቸው…» ላብ አጠመቀው። «እትዬ ዘውደነሽ ሰጠሙ።»

ዘውደነሽ የበሩን መቃን ያዘች። «ባሌስ?»

«ጋሼ ደህና ናቸው። ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ ዋኝተው ወጡ። ውሃ ውስጥ የተኛ ግንድ ነው የመታቸው፣ እትዬን። ጋሼ ሞተራቸውን ለማውጣት እዚያው ቀርተዋል። እርስዎ እንዳይደነግጡ ብለው እኔን አስቀደሙኝ።»

ተቀመጠች። ምንዳዬ በመትረፉ አመሰገነች፤ ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ አይታት ለማታውቃት ጀልባ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኦላናም አብሯት አዘነ። እራት አብልታ አሰናበተችው።

በማግስቱ ጠዋት ጎመን ስትቀነጥስ ከመንገዱ ጩኸት ሰማች። ዋይታ ነው። ማን ሞተ ብላ ነጠላዋን አነሣች፤ ከጎረቤት ለቅሶ ላለመቅረት መቀነቷን ስታጠብቅ፣ ዋይታው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ በራሷ አጥር ታጠፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊታቸው ጭቃ እስከ ጉልበቷ የወጣባት አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች፦

«ሳትወልጂኝ እኮ እናት የሆንሽኝ፣
እንግዲህ ሳጠፋ ማነው የሚቆጣኝ!»

ሙሾ አንቱታ አያውቅም። ዘውደነሽ ግን ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነው ያወቀችው። ጎመኑ ከእጇ ወደቀ። በሩን ከፍታ ወጣች።

የፊተኞቹ ሴቶች ቀጥ አሉ። የኋለኞቹ ገፍተዋቸው ሊወድቁ ነበር። አንድ ሽማግሌ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ጥሩአየሁ የመታችበትን እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች፤ እኅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ሮጣ መጣችና ትከሻዋን በቡጢ መታቻት።

«አንቺ!» አለች። «አንቺ ጨካኝ! ሞተሻል ብለውኝ ነው የመጣሁት! ብትኖሪማ አልመጣም ነበር!»

ጥሩአየሁ በእድሜዋ ሁሉ እኅቷን «አንቺ» ብላት አታውቅም፤ ካሳደገቻት ሴት ጋር የምታወራው በአንቱታ ነው። አሁን ግን እየመታቻት፣ እያቀፈቻት፣ አንቺ፣ አንቺ እያለች አለቀሰች። ዘውደነሽም ልትናገር ብላ አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«እግርሽ ደምቷል» አለች። «ግቢ።»

እታፈራሁ ለቀስተኛውን ተቀብላ ስታስቀምጥ፣ ዘውደነሽ ሞቅ ያለ ውሃ በገበቴ አቀረበች፤ ተንበርክካ የእኅቷን እግር ማጠብ ጀመረች። ጥሩአየሁ ከቡሬ እስከ ጎሬ በእግሯ፣ ከጎሬ ወዲህ ሌሊቱን በተዋሰችው በቅሎና በእግሯ ነበር የመጣችው።

«ማን ነው ያረዳሽ?»

«ኦላና ነው። ቡሬ ገበያ ላይ በቅሎውን ውሃ ሲያጠጣ፣ ከታች ምን ወሬ አለ ብለው ጠየቁት። እትዬ ዘውደነሽን ባሮ ወሰዳቸው አለ። የምንዳዬዋ? አሉት። አዎ፣ የጋሼ ምንዳዬ አለና በቅሎውን ነዳ። ሰዉም በቃ፣ ባሏን ልትጠይቅ ወርዳ ኖሮ ነው ተባባለ።»

ዘውደነሽ እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ስለ ጀልባዋ ነገረቻት። ጥሩአየሁ አልሳቀችም። እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«ቀነዓ ነው ገበያ ውሎ የሰማው። መርዶ ማርዳት አያውቅበትም። በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ።»

«እሱ? እሱ አለቀሰ? እኔን አያውቀኝም እኮ።»

«እኔን ያውቀኛል።»

ዘውደነሽ በእኅቷ እግር ጣቶች መሀል የገባውን ጭቃ አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር፣ ጥሩአየሁ ልጅ እያለች ከጨዋታ ስትመለስ ታደርግላት እንደነበረው።

«ታዲያ ብቻሽን ላከሽ?»

«አብሮኝ መጥቷል። ከአጥሩ ውጭ ነው የቀረው። በሕይወት ሳሉ ያልፈቀዱልኝን ቤት ሞተው አልገባም አለ።»

ዘውደነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወጣች። ካፊያው ጀምሯል። ከአጥሩ ማዶ አንድ ረጅም ሰው ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ቆሟል። የግቢውን ጩኸት ሰምቶ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ሲያያት ጆንያውን ከራሱ አወረደ።

«እንኳን አልሞቱ» አለ።

«እንኳን አልሞትኩ» አለች። ቀጥላም፣ «አቶ ቀነዓ፣ ዝናብ ላይ አይቁሙ። ይግቡ» አለችው።

ጎረቤት ለለቅሶው ብሎ የቀቀለው ንፍሮ የትም አልሄደም፤ እታፈራሁ «የሞተ ሰው አብሮን ሲበላ አላየሁም፣ ዛሬ አየሁ» እያለች አቀረበችው። በገበያ ሆደ ሰፊ ናት ሲባል አፏን የያዘችው በርበሬ ነጋዴ ሳትቀር መጥታ ነበር፤ ዓይኗ አብጧል። ምግቡ ሲቀርብ ሽማግሌዎቹ ማን ይባርክ ብለው ተያዩ። ዘውደነሽ ወደ ቀነዓ ዞረች። ሰውየው ደንግጦ ተነሣ። በኦሮምኛ፣ አጠር አድርጎ፣ ስለ ቤቱና ስለ እኅትማማቾቹ ጸለየ። አንዳንዶቹ ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ከሁሉ ቀድማ «አሜን» ያለችው ዘውደነሽ ናት፤ ከዚያ የቀሩት ተከተሉ።

ምንዳዬ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲገባ፣ ቤቱን በእንግዳ ተሞልቶ አገኘው። ሞተሩ አልወጣም፤ ባሮ ጠቅልሎ ወስዶታል። ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«ሌላ ጀልባ ብገዛ ምን ልበላት?» አላት።

«ምንዳዬ በላት» አለችው። «አንድ ቀን ምንዳዬ ሰጠመ ሲሉ ደግሞ አንተ ትሰማለህ።»

ሌላ ጀልባ አልገዛም። የኪራይ ቦታ እየያዘ ቡናውን በሰው መርከብ መላክ ቀጠለ። ኦላና ግን ሐፍረቱ ለቀናት አልለቀቀውም፤ ይቅርታ ሊል ሲመጣ ዘውደነሽ አስቀምጣ ጠጅ ቀዳችለት። «ያረዳኸኝ አንተ፣ ያስታረቅኸኝም አንተ» አለችው።

ጥሩአየሁና ቀነዓ ሲሰነባበቱ፣ ጥሩአየሁ ጉልበት ልትስም ጎንበስ ብላ፣ «ደህና ይሰንብቱ፣ እትዬ» አለች። ዘውደነሽ ቀና አደረገቻት።

«ያን ቀን አንቺ ብለሽኝ አልነበር?»

«ያን ቀንማ ሞተው ነበር።»

«እንደዚያው በይኝ።»

ጥሩአየሁ ሞከረች። አፏ አልታዘዝ አላት፤ «አንቺ» ብላ ጀምራ «ይምጡ» ብላ ጨረሰች። ተሳሳቁ። በመስቀል ዘውደነሽና ምንዳዬ ቡሬ ሄደው ሲገናኙም፣ ከዚያ ወዲያም በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ የጥሩአየሁ ንግግር እንዲሁ ግማሹ አንቺ ግማሹ አንቱ እንደሆነ ቀረ። ዘውደነሽም አላረመቻትም።