ስማቸው የተነቀለ ረቂቆች

አሳታሚ ድርጅቱ የተከፈተው ተከራይ ልብስ ሰፊ ለቆት በሄደው የዶክተር አክስት ክፍል ውስጥ ነው። በወለሉ ስንጥቅ መሀል የቀሩ መርፌዎች ስለነበሩ ጫማ አውልቆ የሚያነብ ሰው አልነበረም። መሥራቾቹ ሦስት ናቸው፦ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት ሆና ጡረታ የወጣችው አክስቱ፣ የሰፈሩ መጽሐፍ ጠራዥ እና እሱ። እሱን ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ለዶክትሬት ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ዶክትሬቱን እዚያው ትቶት ስለመጣ ነው።

ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። የደራሲው ስም ያለበት ገጽ ተነቅሎ በአክስቱ መሳቢያ ይቆለፍበታል። ሦስቱም ያነባሉ፤ ሁለት ድምፅ ያገኘ ይታተማል። ረቂቁ ከወደቀ የእምቢታውን ደብዳቤ የሚጽፈው የደገፈው ሰው ነው። «የወደደው ሰው ሲጽፈው አይመርም» ብሎ አሳመናቸው። በዚሁ አካሄድ በሁለት ዓመት አራት መጻሕፍት አወጡ፤ አንዱ እንዲያውም ሁለቴ ታተመ።

ለማንም ያልነገረው፣ ድርጅቱን ያቋቋመው የገዛ ልብ ወለዱን ለማሳተም መሆኑን ነው። ጊዜው ደርሷል ባለ ቀን በፈጠራ ስም በፖስታ ላከው።

ድምፅ ሲሰጥ ጠራዡ ረቂቁን በሁለት እጁ መዘነው።

«እኔ ይኼን አልጠርዝም። መርፌዬ ራሱ ይተኛብኛል።»

«ምኑ ነው ያስቀየመህ?» አለ ዶክተር፣ እንደ ምንም ድምፁን አስተካክሎ።

«ሰውዬው ባቡር ይጠብቃል፣ ዝናብ ይዘንባል። ገጽ አርባ ደረስኩ፤ ባቡሩም አልመጣ፣ ዝናቡም አላባራ።»

«ዝናቡ እኮ የውስጡ ስሜት ነው።»

«ከውስጡ ከሆነ ታዲያ እኔን ለምን ያበሰብሰኛል?»

አክስቱ መነጽሯን አወለቀች። «ስንት የሐሰት ምስክርነት ታይፕ አድርጌያለሁ፤ ሽታውን አውቀዋለሁ። ይሄም ያልደረሰበትን ኀዘን ነው የሚመሰክረው። ጣቢያው በር ላይ ስላለው ጎማ ጠጋኝ የጻፋት አንዲት ገጽ ብቻ እውነት ናት። አንተስ?»

«እኔ እደግፈዋለሁ።»

«እንግዲህ ደብዳቤው ያንተ ነው።»

የኔ ነው ቢላቸው በይሉኝታ እንደሚያትሙለት ያውቃል። ያን አልፈለገም። ተቀምጦ «ሥራዎ ጥልቅ ነው» ብሎ ጀመረ። አክስቱ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች።

«ጥልቅ የሚለውን አውጣው። ምን አድርጎህ ታታልለዋለህ?»

«ሊከፋው ይችላል፣ አክስቴ።»

«ይክፋው። ደግ ከሆንክለት ሌላ ባቡር ይልክልናል።»

ዶክተር ሰረዘና ቀጠለ፤ «ባቡሩን ይተዉት፤ ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ይቆዩ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ከገዛ ፖስታ ሳጥኑ አውጥቶ እዚያው ቆሞ አነበበው። አሳታሚውን በሆዱ ሰደበው። እቤቱ ሲደርስ ግን ባቡሩን ከረቂቁ አወጣ።

በአሥረኛው ወር በሌላ ስም ሌላ ረቂቅ መጣ። ስለ አንድ ጎማ ጠጋኝ ነው። ጠራዡ ሲያነብ ምሳውን ረሳ። አክስቱ «እስካሁን የት ነበር?» አለች። ዶክተር ፊቱ እንዳያሳብቅበት ፈርቶ «እኔ እንኳ ትንሽ ይቀረዋል ባይ ነኝ» አለ።

«አንተ ድሮም ጥሩ ነገር አይገባህም» አለ ጠራዡ። «ያንን ዝናባም የደገፍክ ሰው!»

ሁለት ለአንድ አለፈ። አክስቱ መሳቢያዋን ከፍታ ስሙን አነበበች። «ሰውዬውን ጥሩልኝና ውሉን ይፈርም።»

ዶክተር ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ፈረመ።

«ዝናባሙስ?» አለ ጠራዡ ቀስ ብሎ።

«እሱም እኔ ነኝ።»

ጠራዡ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አክስቱ አልሳቀችም፤ መዝገቡን ገልጣ የዶክተርን ድምፅ በማስመሪያ አስምራ ሰረዘች። «ባለጉዳይ በገዛ ጉዳዩ አይፈርድም። ሁለት ለባዶ ነው ያለፈው።» ቀና ብላ በሩን አሳየችው። «አሁን ውጣልን፤ ለመጽሐፉ ርዕስ እናወጣለን። አንተ ያወጣኸው አይረባም።»