የዘለልኳቸው ገጾች

ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ደም ግን አልችልም። ምላጭ ጆሮ አካባቢ ሸርተት ካለ፣ ከደንበኛው ቀድሜ ወንበር የምፈልገው እኔ ነኝ። ጠብም አልችልም። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ልክ ነው። ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ለሁለቱም በየተራ «ልክ ነህ» ብዬ በሰላም እሸኛቸዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

አማቴ ዓይናቸውን ሲታከሙ እኔና ባለቤቴ ልናስታምማቸው ቤታቸው ገባን። አንዱ ዓይናቸው ታሽጓል፣ በሌላውም እንዳያነቡ ሐኪሙ ከልክሏል። እሳቸው ደግሞ ያለ መጽሐፍ መዋል አይሆንላቸውም።

«አንተ አንብብልኝ» አሉና አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ሰጡኝ።

ሽፋኑ ላይ አበባ ስላለ የፍቅር መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ጌታ ሠራተኞቹን ምድር ቤት ቆልፎ የሚያሰቃይበት ታሪክ ነው። ልብስ አጣቢዋ እታች ታስራ ተቀምጣለች። እላይ ደግሞ ቁልፉን የያዘ አንድ ዘበኛ አለ፤ ጩኸት በሰማ ቁጥር ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ተቀምጦ እንዴት ይጽፋል ብዬ ተናደድኩ። ይልቁንም በዘበኛው ተናደድኩ።

«ጌታው ጉጠቱን አነሳ» ብዬ አነበብኩና የሚቀጥለውን መስመር ሳይ ላብ አጠመቀኝ። «አነሳና... ወንበሩን ጠገነ።»

«ወንበሩ ምን ሆኖ ነበር?» አሉ አማቴ።

«እግሩ ወልቆ።»

«ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ጌታው ጉጠት ሲያነሳ ወንበር ጠገንኩ፣ መዶሻ ሲያነሳ መደርደሪያ መታሁ። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ያልታደሰ ዕቃ አልቀረም። ባቆምኩ ቁጥር አማቴ «ቀጥል» ይላሉ፤ ትንሽ ደራሲነት ተሰማኝ እንጂ አላፈርኩም።

በዚህ መሀል እሑድ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጣ። ኮንትራክተር ነው፤ ነገሩን ሁሉ ከማፍረስ ይጀምራል። እናቱ እሱ ጓሮ ካለችው ክፍል እንዲገቡና ይህ ቤት እንዲከራይ ወስኗል።

«ከቤቴ አልወጣም» አሉ አማቴ።

እሱ ስለ ኪራይ ማውራቱን አላቆመም። «አልወጣም እኮ ነው የምልህ» አሉ እንደገና፣ አሁን ድምፃቸው ሳሳ። ባለቤቴ በዓይኗ «ተናገር እንጂ» አለችኝ። እኔ ሪሞቱን አነሳሁና ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግኩት። ኳስ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ተከራዩን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ከሄደ በኋላ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ምን ምን ልለው እንደነበር በዝርዝር ነገርኳት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝና ሳህኗን ማጠቧን ቀጠለች።

ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፉን ጨረስኩት። በእኔ ንባብ ዘበኛው ተነሳ፣ በሩን ከፈተ፣ ልብስ አጣቢዋ ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። መቀመጫም አገኘች።

«ደስ ይላል» አሉ አማቴ። «እኔ ሳነበው ግን እንዲህ አልነበረም።»

መጽሐፉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «አንብበውታል እንዴ?»

«ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት ነው የጨረስኩት።»

«ታዲያ እማማ፣ ለምን አስነበቡኝ?»

«ልጄን ያገባው ሰው ምን ምን እንደሚዘል ልወቅ ብዬ። ጉጠቱን መዝለልህ አልከፋኝም፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። ዘበኛውን ግን ለምን ነካኸው? እሱ እኮ በሩን አልከፈተም።» ትራሳቸውን አስተካከሉ። «ለመሆኑ ባለፈው እሑድ ኳሱን ማን አሸነፈ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ማን ከማን እንደሚጫወትም አላየሁም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬም አላውቅ።

እሑድ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ኮንትራክተሩ ተከራዩን አስከትሎ ገባ። ተከራዩ ቁጭ ሳይል ግድግዳውን መለካት ጀመረ። «እማዬ፣ ሻንጣሽ ተዘጋጅቷል?» አለ ልጅየው።

«አልወጣም ብዬሃለሁ» አሉ አማቴ። እሱ ለተከራዩ ስለ ውሃው ቆጣሪ ማስረዳቱን ቀጠለ።

ያኔ እጄ፣ ያ የለመደበት እጄ፣ ሪሞቱን ፍለጋ ተነሳ። አማቴ ጭን ላይ ነበር። አንስተው ሰጡኝ፤ በደህናዋ ዓይናቸው ያዩኛል።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ክፍሉ ጸጥ ሲል ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ «እማማ አልወጣም እያሉ ነው።»

«ምን አልክ አንተ?» አለ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ።

ልክ ነህ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቀጥል» አሉኝ አማቴ።